ማረጥና የሴት ብልት ጤና በአሰላና በአርሲ ደጋ

ማረጥ ማለት የአንዲት ሴት የወር አበባ በዕድሜ ምክንያት ለዘለቄታው መቋረጡ ነው። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው እርግዝና፣ ጡት ማጥባት ወይም የሆርሞን መድኃኒት ሳይኖር 12 ወር በተከታታይ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። ማረጥ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል፤ ከ40 ዓመት በፊት ከመጣ ያለጊዜው የመጣ ማረጥ ይባላል። ከዚህ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በእጅጉ ስለሚቀንስ የብልት ውስጠኛ ሽፋን ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ የመለጠጥ ኃይሉንም ያጣል። የሽንት አካላትም አብረው ይለወጣሉ። ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከዚህ ለውጥ የሚመጣ አንድ ዓይነት ምልክት ይሰማቸዋል ተብሎ ይገመታል፤ ለሐኪም የሚናገሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በጠቅላላው ገልጾ በተለይ በአሰላ ከተማና በአርሲ ደጋማ ወረዳዎች ያለውን ሁኔታ ይመለከታል።

ስያሜ

«ማረጥ» የቆየ የአማርኛ ቃል ነው፤ «አረጠች» ሲባል የመውለጃ ጊዜዋ አለፈ ማለት ነው። በዕለት ንግግር ግን ሴቶች ቃሉን ብዙ አይጠቀሙበትም፤ «አበባዬ ቆመ»፣ «ከወር አበባ ወጣሁ» ማለት ይቀናቸዋል። ነገሩ በሃይማኖት መጻሕፍትም የታወቀ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ሣራ ይስሐቅን ከመፀነሷ በፊት የወር አበባዋ ተቋርጦ እንደነበር ይነገራል። በእስልምና ሕግ ደግሞ ያረጠች ሴት ስትፈታ የምትጠብቀው ዒዳ በወር አበባ ሳይሆን በሦስት ወር ይቆጠራል።

«ብልት» የሚለው የአማርኛ ቃል ሰፊ ነው፤ የውጪውን አካልና ከማህፀን በር እስከ ውጭ የሚደርሰውን ቱቦ ሳይለይ ይጠራል። የሕክምና ባለሙያዎች ቱቦውን ለይተው ሲጠሩ ቫጃይና ይላሉ። ከማረጥ የሚመጣው ሕመም ለረጅም ጊዜ በሕክምና ቋንቋ አትሮፊክ ቫጂናይተስ፣ ማለትም ከመሟሸሽ የመጣ የብልት ብግነት ሲባል ቆይቷል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ስሙን ለውጠው የማረጥ የብልትና የሽንት ሕመም የሚል ትርጉም ያለውን መጠሪያ አወጡ። የቀድሞው ስም ሁለት ጉድለት ነበረበት፦ ብግነት ሳይኖር ብግነት ያለ ያስመስላል፣ የሽንቱን ችግር ደግሞ ጨርሶ ይተወዋል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

የብልት ውስጠኛ ሽፋን፣ የሽንት መውጫ ቧንቧ፣ የሽንት ፊኛ የታችኛው ክፍልና የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ሁሉ ኤስትሮጅንን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሏቸው። በመውለጃ ዕድሜ ኦቫሪዎች የሚያመነጩት ኤስትሮጅን ሽፋኑን ወፍራም፣ እርጥብና ደም በደንብ የሚዘዋወርበት አድርጎ ያቆየዋል። የሽፋኑ ሕዋሳት ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ዓይነት ያከማቻሉ። ሕዋሳቱ ሲረግፉ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከዚህ ስኳር ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ። ወተትን እርጎ የሚያደርገው አሲድም ይኸው ነው። በዚህ የተነሳ የብልት የአሲድነት መጠን በፒኤች ሲለካ ከ3.5 እስከ 4.5 ይሆናል፤ ብዙዎቹ ጎጂ ተሕዋስያን በዚህ ጎምዛዛ አካባቢ አይመቻቸውም።

ማረጥ ሲመጣ ሰንሰለቱ ከላይ ይበጠሳል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ግላይኮጅን ይቀንሳል፣ ላክቶባሲለስ ምግብ ያጣል፣ አሲዱም ይቀንስና ፒኤች ከ5 በላይ ይወጣል። ከፊንጢጣ አካባቢ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ቦታውን መውረስ ይጀምራሉ። ለወሊድና ለግንኙነት እንዲለጠጥ የተሠራው ሽብሽብ ግድግዳ ቀስ በቀስ ለስላሳና ወጥ ይሆናል፣ ቱቦው ያጥራል፣ ይጠብባል። የውጪዎቹ ከንፈሮች ስብ ስለሚቀንስ ይከስማሉ፣ ጸጉሩም ይሳሳል።

የፒኤች መጠን ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ 396 ጤነኛ ሴቶች ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው ገና ያላረጡ ብዙ ጥቁር ሴቶች ሳይታመሙ ላክቶባሲለስ የማይበዛበትና አሲዱ ዝቅ ያለ ብልት አላቸው። በአውሮፓ ሴቶች የተለካውን ልክ ለሁሉም መስፈርት ማድረግ ጤነኛዋን በሽተኛ ሊያሰኝ ይችላል።

እርጅና ራሱ የሚጨምረው ሌላ ድርሻ አለ። በዕድሜ ምክንያት የጡንቻ ብዛትና ኮላጅን ይቀንሳል፣ የዳሌ ወለል ይላላል፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት መድኃኒቶች ይመጣሉ። ስለዚህ በ50 ዓመቷ ድርቀት ብቻ የነበራት ሴት በ65 ዓመቷ የሽንት ማምለጥና የማህፀን መውረድ ሊጨመርባት ይችላል። ይህ ሕመም ከሌሎቹ የማረጥ ምልክቶች የሚለይበት ዋናው ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ፊትንና ደረትን የሚለበልበው ድንገተኛ ሙቀትና የሌሊት ላብ በብዙዎች ዘንድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይበርዳል፤ የብልት መድረቅ ግን ካልታከመ በራሱ አይሻልም፣ እየባሰ ይሄዳል። «ታገሺው፣ ያልፋል» የሚለው ምክር ለመጀመሪያው እውነት ነው፣ ለሁለተኛው ስህተት ነው።

ተመሳሳይ መድረቅ ከማረጥ ውጭም ይከሰታል። የምታጠባ እናት ኤስትሮጅኗ ዝቅ ስለሚል ለጊዜው እንዳረጠች ሴት ብልቷ ሊደርቅ ይችላል፤ በኢትዮጵያ ጡት ማጥባት በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ስለሚቆይ ይህ ጊዜ አጭር አይደለም። ሁለቱም ኦቫሪዎች በቀዶ ሕክምና ከወጡ፣ ወይም ለማህፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና ከተደረገ ለውጡ በድንገትና በኃይል ይመጣል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሰጥ ስለነበር ከአርሲ የሚሄዱ ታካሚዎችም ወደዚያው ይላኩ ነበር። ከጨረር በኋላ የብልት ቱቦ ሊጣበቅ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ምልክቶች

ሴቶች የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ድርቀት፣ ማቃጠልና ማሳከክ ነው። በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ከግንኙነት በኋላ ትንሽ ደም መታየት፣ ቢጫ ወይም ውሃ የመሰለ ፈሳሽም ይኖራል። በሽንት በኩል ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ሽንት ሲመጣ መታገስ አለመቻል፣ ሲሸኑ ማቃጠልና የሚመላለስ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይታያል። ግንኙነት የማታደርግ ሴትም ትታመማለች፤ ሕመሙ መቀመጥን፣ በእግር ረጅም መንገድ መሄድንና በፈረስ ወይም በበቅሎ መጓዝን ሊያስቸግር ይችላል። «ባል የሌላት ምን ያደርግላታል» የሚባለው አስተሳሰብ ባሏ የሞተባትን ወይም የመነኮሰችውን ሴት ከሕክምና ያርቃል።

ከሌሎች ሕመሞች መለየት

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የብልት ፈሳሽ የሚታከመው በአብዛኛው በምልክት ላይ በተመሠረተ አሠራር ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ፈሳሽ አለኝ ያለች ሴት ለተለመዱት መንስኤዎች ባንድ ጊዜ መድኃኒት ይሰጣታል። አሠራሩ ለወጣት ሴቶች ብዙ ጠቅሟል። የ58 ዓመት ሴት ላይ ሲውል ግን ሌላ መዘዝ አለው። ድርቀቷ እንደ አባላዘር በሽታ ተቆጥሮ ሜትሮኒዳዞል ትወስዳለች፣ ባሏም እንዲታከም ይጠራል። መድኃኒቱ መድረቁን አያድነውም፤ በ30 ዓመት ትዳር ውስጥ ግን «ከየት አመጣሽው»፣ «ከየት አመጣኸው» የሚል ጥርጣሬ ይገባል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ የሚጎዳው በበሽታው ሳይሆን በስሙ ነው።

የፈንገስ ኢንፌክሽንም እንዲሁ ያለአግባብ ይታከማል። ፈንገስ ኤስትሮጅን ባለበት ብልት ስለሚመቸው፣ ካረጡ በኋላ የስኳር በሽታ ወይም የሆርሞን ሕክምና በሌላቸው ሴቶች ዘንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ያረጠች ሴት ደጋግሞ ፈንገስ ከያዛት የደም ስኳሯን መለካት ተገቢ ነው። የሽንት ምርመራ ላይ ጥቂት ነጭ የደም ሕዋስ በታየ ቁጥር ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠትም የተለመደ ስህተት ነው።

ሁለት ሕመሞች በተለይ መለየት አለባቸው። አንዱ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ነው፤ ብልትን በኃይል ያሳክካል፣ ነጭና ስስ ቆዳ ያመጣል፣ ካልታከመ ከንፈሮቹን ያጣብቃል፣ አልፎ አልፎም ወደ ካንሰር ይለወጣል። በነጭነቱ ከለምጽ ጋር ይምታታል፤ ለምጽ ግን አያሳክክም። ሕክምናውም ኤስትሮጅን ሳይሆን ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ሁለተኛው ካንሰር ነው። ካረጡ በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ምርመራ ይፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሳሳው ሽፋን ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከያዛቸው ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ መጀመሪያ ያዩት ምልክት ይኸው ደም ነው። «አበባዬ ተመለሰ» ብላ የምትደሰት ሴት መደሰት ሳይሆን መመርመር አለባት።

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የአገሪቱ የቅድመ ምርመራ መርሃ ግብር ከ30 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሴቶች ላይ ያተኩራል፤ በብዙ ቦታ የሚሠራበትም ዘዴ የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ነው። ይህ ዘዴ ላረጡ ሴቶች እምብዛም አይመችም፤ ካንሰር የሚጀምርበት የማህፀን በር ክፍል ከማረጥ በኋላ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከውጭ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን የሚመክረው የኤችፒቪ ቫይረስ ምርመራ ይህ ጉድለት የለበትም፤ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ መውሰድም ትችላለች። በኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በዲሴምበር 2018 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ የዛሬዎቹ እናቶችና አያቶች ያልተከተቡ ትውልድ ናቸው።

ማረጡ ራሱም አንዳንዴ ይምታታል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚወሰደው የወሊድ መቆጣጠሪያ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ዴፖ የሚባለው ነው፤ መርፌው የወር አበባን ስለሚያስቀር የ47 ዓመት ሴት አረጥኩ ብላ ልታቆመውና ልታረግዝ ትችላለች። የተገላቢጦሹም አለ፦ አርጣ ሳለ ለዓመታት መርፌውን የምትወስድ ሴት።

በአሰላና በአርሲ ደጋ

አሰላ የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ነች። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ 2,430 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 67,269 ነበር። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። የዞኑ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ሙስሊም፣ 40 በመቶ ገደማው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሲሆን ገጠሩ ኦሮምኛ፣ ከተማው ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራል። በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ፣ ከሁሩታና ከሌሎችም ወረዳዎች የሚላኩ ታካሚዎችን ይቀበላል።

ከጀርመን ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር በአሰላ የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ተቋቁሟል። በዚሁ ትብብር ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በአሰላ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ ሴቶች ላይ የብልት ኢንፌክሽኖችን የመረመረ ሲሆን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። የምርምሩ ትኩረት ነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። የአገሪቱ የሴቶች ጤና ሥራ በሙሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጀምሮ፣ በእርግዝና፣ በወሊድና በቤተሰብ ምጣኔ ዙሪያ የተዋቀረ ነው። ትልቁ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ሴቶችን የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ድረስ ነው። 50 ዓመት የሞላት ሴት ከመዝገቡ ትወጣለች። እንዲህ ያለችው ሴት ግን ገና ከ20 ዓመት በላይ የሚሆን ዕድሜ ከፊቷ አለ፤ በወሊድ ጊዜ የሚሰላው አማካይ ዕድሜ የሕፃናትን ሞት ስለሚጨምር እዚህ ላይ ያሳስታል።

የአርሲ ሴት ወደ ማረጥ የምትደርሰው ብዙ ወልዳ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦሮሚያ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች 5.4 ነበሩ፤ ዛሬ 60 ዓመት የሆናቸው ደግሞ ከዚህ በላይ ወልደዋል፣ አብዛኞቹም በቤታቸው። በተራራ ዳገት ላይ ውሃና እንጨት በጀርባ መሸከም ሲጨመርበት የዳሌ ወለል ይጎዳል። ማረጥ ሲመጣ ኤስትሮጅን ይዞት የነበረው የላላ ድጋፍ ይለቃል፤ ማህፀን ወይም የሽንት ፊኛ ወደ ብልት ይወርዳል፣ በከባድ ደረጃውም ወደ ውጭ ይወጣል። ከብልት የወጣው ሽፋን ደርቆ በልብስ ሲታሽ ይቆስላል። በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ በማኅበረሰብ ላይ የተደረገና በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከአምስት ሴቶች አንዷ የዳሌ ወለል ሕመም እንዳለባት አሳይቷል። ቀርሳም እንደ አርሲ ደጋ አርሶ አደር ሴቶች ብዙ የሚወልዱበትና ሸክም የሚበዛበት አገር ነው።

የሴት ልጅ ግርዛት ሌላው ጉዳይ ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶ፣ በኦሮሚያ ደግሞ 76 በመቶ ያህሉ ተገርዘዋል። በዕድሜ ሲታይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት 47 በመቶ፣ ከ45 እስከ 49 ዓመት ባሉት 75 በመቶ ግድም። ስለዚህ አሁን በማረጥ ላይ ያለው ትውልድ በብዛት የተገረዘው ነው። ጠባሳ በራሱ የመለጠጥ ኃይል የለውም። በወጣትነት በእርጥበትና በውፍረት የተካካሰው የመግቢያው ጠባሳ ሽፋኑ ሲሳሳ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ለዚህ ነው ወልዳ ያሳደገች ሴት በ50 ዓመቷ «እንደ ሙሽርነቴ ቀን ያመኛል» ብትል ሐኪም ሊያምናት የሚገባው። ድርጊቱ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ የወደፊቶቹን ልጃገረዶች ይጠብቃል፣ የተገረዙትን ግን ማከም የሆስፒታል ሥራ ነው።

ሕመሙን ለመናገር ያለው መሰናክል የእፍረት ብቻ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ወዩ የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ የተከበረ፣ የማይደፈር፣ በሩቁ የሚጠበቅ ማለት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ማሪት ኦስተቦ ስለ ወዩና ስለ አርሲ ሴቶች መብት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ጽፈዋል። አማትና አማች አንዳቸው ለሌላቸው ወዩ ናቸው። ከገጠር ወደ አሰላ የምትመጣ ባልቴት ብዙ ጊዜ የሚያመጣት ልጇ ወይም አማቿ ስለሆነ፣ እሱ በተቀመጠበት ክፍል ስለ ብልቷ መናገር የማይታሰብ ነው። «ወገቤን ነው»፣ «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ብላ ትመለሳለች። ልጅየውን በትህትና ውጭ እንዲጠብቅ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከየትኛውም የላቦራቶሪ ምርመራ በላይ ይጠቅማል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ በልጇ ዕድሜ ያለች ወጣት ናት፤ እናት የሆነች ሴት ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አትነግርም።

ያው ባህል ግን መውጫም አለው። የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ ሲንቄ የተባለውን ዘንግ ትቀበላለች። ሲንቄ ያገባች ሴት ክብርና መብት ምልክት ነው፤ ባል ሚስቱን ሲያጎሳቁል፣ በተለይም አራስ ሴት ስትደፈር፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ካሳ ሳይከፈልና ይቅርታ ሳይጠየቅም አይመለሱም። ጉዳዩን የሚመሩት ሃደ ሲንቄ የሚባሉት እናቶች ናቸው። ልጅ በማይሰማበት፣ ወንድ በማይገባበት የሴቶች ጉባኤ ላይ የሚነገር ነገር በጤና ኬላ ከሚነገረው የተለየ ነው። በኦርቶዶክስ በኩል የሰንበቴና የማኅበር እናቶች፣ በከተማ ደግሞ የሴቶች ዕድር ይህን ቦታ ይይዛሉ።

ሃይማኖታዊ ሕይወትም ይነካል። ሽንት የሚያመልጣት ሙስሊም ሴት ለእያንዳንዱ ሰላት ውዱዕ ማደስ ግድ ይሆንባታል፤ በክረምት የጭላሎ ብርድ ቀላል ነገር አይደለም። ክርስቲያኗ የወር አበባዋ ሲቆም በየወሩ ከቤተ መቅደስ ውጭ ከመቆም ትገላገላለች፣ ባሏ ከሞተም አንዳንዷ ቆብ ትጭናለች፤ ይሁንና ደም ወይም ፈሳሽ ሲታያት ሳትናገር በራሷ ፈቃድ ከቅዳሴ ትቀራለች። በትዳር ውስጥ ደግሞ ሕመሟን ያልተናገረች ሚስት ባሏን ስትሸሽ እሱ መጠላት ይመስለዋል። በ2016ቱ ጥናት ካገቡት የኢትዮጵያ ሴቶች 11 በመቶው ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሚስት መኝታ መለየቷ እንደ ዕድሜ ወግ ይታለፋል፣ ምክንያቱ ሊታከም የሚችል ሕመም ሆኖ ሳለ።

ሕክምናና እንክብካቤ

መጀመሪያ የሚደረገው የሚጎዳውን ማቆም ነው። ብልት ከውጭ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠባል፤ ውስጡን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በጨው ወይም በዴቶል ማጠብ የቀረውንም አሲድ ያጠፋል፣ የሳሳውን ሽፋን ያቃጥላል። በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሴቶች የሚሞቁት የወይባ ጢስ ለገላ ሽታና ለመዝናናት የሚወደድ ነው፤ ለደረቀ ብልት ግን ሙቀቱ ድርቀትን እንጂ እርጥበትን አይጨምርም።

ለግንኙነት ጊዜ ውሃ ወይም ሲሊከን ያለባቸው ማለስለሻዎች ያገለግላሉ። ማለስለሻ ለሰዓቱ ብቻ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቀባ የብልት ማርጠቢያ ደግሞ ለዘለቄታው እርጥበት ይሰጣል። እነዚህ በሌሉበት ሴቶች ቅቤ፣ የምግብ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይጠቀማሉ። ቫዝሊንን ወደ ውስጥ ማስገባት ከብልት ባክቴሪያ መዛባት ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ ማንኛውም ቅባት ደግሞ የላቴክስ ኮንዶምን ያበላሻል። ይህ ለአረጋውያንም ይሠራል፤ የሳሳ ሽፋን በቀላሉ ስለሚላጥ ኤችአይቪን ጨምሮ ለአባላዘር በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል።

ዋናው ሕክምና በብልት ውስጥ የሚቀመጥ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ነው። በክሬም፣ 10 ማይክሮግራም በሚመዝን ክኒን ወይም ለ90 ቀን በሚቆይ ቀለበት መልክ ይሠራል። ክኒኑ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሙሉ ለውጡን ለማየት ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ ሲቆም ምልክቱ ይመለሳል። ወደ ደም የሚገባው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ ከ45,000 በላይ ያረጡ የአሜሪካ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የብልት ኤስትሮጅን በሚጠቀሙት ዘንድ የካንሰርም ሆነ የልብ በሽታ ጭማሪ አላገኘም። የጡት ካንሰር የያዛት ሴት ግን ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ሳትመክር አትጀምረውም፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚታያትም መጀመሪያ ትመረመራለች። በኢትዮጵያ እነዚህ መድኃኒቶች በሁሉም ፋርማሲ አይገኙም።

የሽንት ኢንፌክሽን ለሚመላለስባቸው ያረጡ ሴቶች የብልት ኤስትሮጅን መከላከያ መሆኑን ራዝና ስታም የተባሉ ሐኪሞች በ1993 (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። ላክቶባሲለስ ሲመለስ ፒኤች ይወርዳል፣ ኢንፌክሽኑም ይቀንሳል። በየወሩ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከመግዛት ይህ ይሻላል።

ለሽንት ማምለጥና ለጅምር የማህፀን መውረድ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና አለ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬጌል በ1948 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ነው፦ ሽንትን ለማቆም እንደሚደረገው ጡንቻውን ጨምቆ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም፣ በቀን ሦስቴ ማድረግ። ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። ማህፀን ሲወርድ ፔሳሪ የተባለ የሲሊከን ቀለበት ከውስጥ ደግፎ ይይዛል፣ ካልሆነም ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሸክም መተው ያስፈልጋል፤ ይህን ትእዛዝ ለሴትየዋ ብቻ ሳይሆን ለባሏና ለልጆቿም መንገር ተገቢ ነው።

ጨረር በመሰለ የሌዘር መሣሪያ ብልትን «ወጣት እናደርጋለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በውጭ አገር ተስፋፍተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቃጠሎና ጠባሳ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ጠቅሶ አስጠንቅቋል።

የሆርሞን ሕክምና ታሪክ

በሰፊው ጥቅም ላይ የዋለው የመጀመሪያው የማረጥ መድኃኒት ፕሬማሪን ሲሆን በ1942 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የሚሠራው ከነፍሰ ጡር ባዝራዎች ሽንት ነው። ፈረስ ሰርግና ለቅሶ በሚያደምቅበት በአርሲ ደጋ ይህን መስማት ያስቃል። በጁላይ 2002 (እ.ኤ.አ.) የሴቶች ጤና ተነሳሽነት የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በአፍ የሚወሰድ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትን የጡት ካንሰርን እንደሚጨምር ገልጾ ያንን ክፍል አቋረጠ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ድንጋጤው በአፍ የሚዋጠውን ብቻ ሳይሆን በብልት የሚገባውንም አዳረሰ፤ አነስተኛ መጠን ያለው የብልት ኤስትሮጅን ፓኮ ላይም ያው ከባድ ማስጠንቀቂያ ታተመበት፣ ብዙ ሴቶችም ወረቀቱን አንብበው መድኃኒቱን ሳይነኩት ተዉት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ መወሰኑን ያስታወቀው በኖቬምበር 2025 (እ.ኤ.አ.) ነው።